የማይፈታ ጣት

ጥር ነው በታርቱ፤ ወንዙ ድንጋይ ሆኗል፣
የመንገዱ መብራት በቀን ይበራል።
እኔ ማይሙ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
አስኳል ከነጩ ስለይ እጆቼ ዛሉ።

ሐኪሙ ኡይቦ ደሜን በመርፌ ቀድቶ፣
ወረቀቱን አይቶ፣ መነጽሩን አንሥቶ፣
«ብረት አንሶሻል» አለኝ፤ «ገርጥተሻል በጣም፤
እንቁላል አዘውትሪ፣ ጠዋትም ማታም።»
ሳቄ አመለጠኝ። አልፈረድሁበትም፤
አስኳል ብረት አለው፣ ይህ ውሸት አይደለም፤
ግን «አለው» እና «ይሰጣል» አንድ አይደሉም።

እንዲህ ነው ነገሩ። ከዶሮዋ ጉበት
ይነሣል ተጓዡ፣ የፕሮቲን ሰንሰለት፤
በደም ጎዳና ላይ ጭነቱን ይዞ ይወርዳል፣
ከእንቁላል ዕጢው ደጃፍ ይደርሳል፣
ገብቶም ይቆረጣል።
ከቁራጮቹ አንዱ ፎስቪቲን ይባላል።
ያ ፎስፈረስ፣ ከክብሪት ቀፎ ጎን ተለጥፎ
እሳት የሚጠራው፣ እዚህ ግን አርፎ፣
ከኦክስጅን ጋራ ክንድ ለክንድ ተቃቅፎ፣
ሴሪን በሚሏቸው ቀለበቶች ላይ ቆሟል ተሰልፎ።

ብረት ሲመጣ (ልቅ ብረት ክፉ ነው፣
ብቻውን ከዋለ ሕይወትን እንደ ዝገት የሚበላው)
ሰልፈኞቹ ከግራም ከቀኝም
ይጨብጡታል። አይለቁትም።
ውኃ ቢያጥባቸው አይለቁትም።
አፍልቼ ሞክሬአለሁ፣ አጣርቼ፣ አሽከርክሬ፤
ጣት አልፈታም ያ ጥሬ።
ሦስት እንቁላል ብበላ
አብዛኛው ብረቱ በሆዴ ያልፋል
እንደ ሌሊት ባቡር መንገደኛ፣
መጋረጃውን ጋርዶ፣ ጣቢያዬን ሳያይ።

እናቴ ኤርና፣ ነፍስ ይማር፣ ምስማር ትለቅም ነበር
ከፈረሰ ጎተራ፣ ከተቃጠለ በር፤
የጎበጠውን ሁሉ በድንጋይ መትታ፣
አቅንታ፣ ወልውላ፣ ዘይት ቀብታ፣
በብስኩት ቆርቆሮ ታኖረው ነበር ዘግታ።
አንድ ክረምት፣ የበረዶ ጋሪዬ እግሩ ተሰብሮ፣
አንዲት ምስማር ለመንኋት። ፊቷ ተቋጠረ እንደ ቋጠሮ።
«ይህ ላንቺ አይደለም» አለች።
ለማን እንደሆነ ግን አልተናገረች።
ቂም ያዝሁባት። አርባ ዓመት ያዝሁባት።
እኔም ጣት አለኝ እኮ፤
እኔም ከያዝሁ አልለቅም።

ከሦስት ቀን በፊት አንዱን እንቁላል ሳልሰብር
በሙቀት ሣጥኑ ውስጥ ደበቅሁት፣ ያለ ቁጥር።
ዛሬ ማታ በመብራት አየሁት አሻግሬ፤
አስኳሉ ላይ ቀይ ሥር ወጥቷል፣ ቀጭን እንደ ጠጉሬ፣
መካከሉ ላይ አንዲት ነጥብ ትዘላለች።
ክንፍ የላትም፣ ስም የላትም፤ ግን ትመታለች።
ለእኔ እንቢ ያለው ጣት፣ ለዚህች ጠብታ
ሊፈታ ነው፤ በቀስታ፣ አንድ በአንድ፣ በጸጥታ።
እንዴት እንደሚለያት፣ ቁልፉን ማን እንደሰጣት፣
ሠላሳ ዓመት ፈጅቼ አላወቅሁላት።
ታቪ፣ ባልደረባዬ፣ ኢንዛይም ነው ይላል።
ይሆናል።

ቆርቆሮው ዛሬም ከምድጃዬ በላይ ተቀምጧል፤
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ምስማር፣ ሁሉም ቀጥ ብሏል።
ቤት አልሠራችበትም። የልጅ ልጅም አላየች።
ለማን ነበር? ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ ቆርቆሮውን
እያንኳኳሁ፣ እሱም ይንኳኳል፣ በቃ።

የብረት ክኒኔን በብርቱካን ጭማቂ እውጣለሁ፣
ጥቁር ዳቦ ያለ እንቁላል እቆርሳለሁ።
ከዚያ በባዶ እግሬ፣ መብራት ሳላበራ፣
ያንን ሙቅ ነገር በሁለት እጄ ይዤ ስመልስ ወደ ስፍራው፣
«ይህ ላንቺ አይደለም» እላለሁ ለራሴ፤
ድምፁ የእናቴ ነው፤ ከንፈሩ ብቻ የራሴ።